ከማሩ ጠርሙስ ሥር

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአንዳርጌ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የባሕር ዳር ሙቀት ተስማማህ ወይ? እኔ፣ እመብርሃን ትመስገን፣ ደኅና ነኝ። ስልኩ እንቢ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ በሚኒባሱ ሾፌር በሚሊዮን እጅ ልኬልሃለሁ።

«እዚህ ስቱዲዮ ልከፍት ነው፤ ኮምፒውተሩ አንቺ ጋ አቧራ ከሚጠጣ ላኪልኝ። ከጉርድ ፎቶ ሌላ አትሠሪበትም» ያልኸው መልእክት ደርሶኛል። ያን ዕለት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሩ ሥር አስቀምጬው ነበር።

በማግስቱ እትዬ ገበያነሽ ከወገዳ መጡ። ማር የሚያመርቱት ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ለገና ባዛር በትልቁ የሚታተም የማራቸውን ፎቶ ፈልገው ነው። «እንደ ከተማው ማስታወቂያ፣ ጠርሙሱ መስታወት ላይ የቆመ ይምሰልልኝ» አሉ። አንዳርጌ የለም ብላቸው «ታዲያ አንቺስ ማን ነሽ?» ብለው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ጥቅሉን ፈታሁት።

አንተ ስትሠራ ከኋላህ ቆሜ ያየሁትን አስታወስሁ። ጠርሙሱን ፎቶ አንስቼ ኮፒ አደረግሁት፤ ኮፒውን ነጸብራቅ እንዲመስል ቁልቁል ገልብጬ እግር ለእግር አገጣጠምሁት። የጠርሙሱ ሥር ክብ ነውና መካከሉ ሲነካ ዳርና ዳሩ ክፍት ሆነ፤ አየር ላይ የተንሳፈፈ መሰለ። ጎንና ጎኑን ወደ ላይ ስስበው ገጠመልኝ። ደስ ብሎኝ አሳየኋቸው።

እትዬ ገበያነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ምን አደረግሽ አንቺ! ኪዳነ ምሕረትን ዘቀዘቅሻት!»

የማኅበራቸው ስም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ሥዕሏም ጠርሙሱ ላይ ተለጥፏል። እኔ ስለ ጠርሙሱ እግር ስጨነቅ ሥዕሏ መዘቅዘቋን ልብ አላልሁም።

«መስታወት ላይ ቢቆምም እንዲሁ ነው የሚታየው» አልኋቸው።

«እንግዲያ መስታወቱ ይቅር! ይህን ይዤ ብመለስ ሴቶቹ ማሩን ትተው እኔን ነው የሚቆርጡኝ።»

«እስከ ነገ ይታገሱኝ፣ እትዬ።»

«መኪና ካለ አልቆይም። ከሌለ ግን ወድጄ እንዳይመስልሽ።»

መኪና አልነበረም። እሳቸው ሲወጡ ጠርሙሱን ቫርኒሽ በተቀባው ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንዳርጌ፣ ስንት ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ አላየነውም። ነጸብራቁ ጥርት የሚለው ከእግሩ ሥር ብቻ ነው። በራቀ ቁጥር እየፈዘዘ ሄዶ ሥዕሉ ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። አንተ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ታደርገው ነበር፤ እኔም የሠራሁት ከአንተ ያየሁትን ነው። ኮፒውን በኮምፒውተሩ ለስላሳ ብሩሽ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልሁ አጠፋሁት፤ የቀረውንም ጥቂት አደበዘዝሁት። ከጠርሙሱ ሥር የማሩ ቀለም ብቻ ቀረ።

በማግስቱ እትዬ ገበያነሽ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉና «እዚህ ጋ ርጥብ ነው እንዴ?» አሉ።

«አይደለም።»

«እንግዲያ ይታተም። ለመካነ ኢየሱስ ከተማ ማር አምራቾችም እነግራቸዋለሁ፤ የእነሱ ጠርሙስ ላይ ያለው ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ ተጠንቀቂ!»

ስለዚህ ኮምፒውተሩን አልላክሁም። አትቀየመኝ፤ እዚህ ሥራ ይዟል። ሁለቱን መብራቶችህንና ሹራብህን ሚሊዮን ይዞልሃል። ሹራቡን አጥቤዋለሁ፤ ክርኑንም ሰፍቼዋለሁ።

አንዳንዴ ብዙ ካፈጠጥሁ በኋላ ቀለሙ ይምታታብኛል፤ አጠገቤ ሆኖ የሚያይልኝ ሰው ቢኖር እላለሁ። ከኮምፒውተሩ ፊት ሁለተኛ ወንበር አሠርቻለሁ። ለደንበኛ ነው።

ኪዳነ ምሕረት በቤትህም በመንገድህም አትለይህ።

ባለቤትህ
ፈትለወርቅ