የጥሎሹ ፈረስ ተመልሷል

ፓራይ ላንጉ፣ ሱምባ
ጥቅምት 7

ለተከበርከው ባለቤቴ ለኡምቡ ንጋላ፣

«የተከበርከው» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው። ባሊ ላይ ፈረንጅ ከኋላህ ጭነህ በሞተር ሳይክል ሽው ትላለህ አሉ። እሰይ! አባትህ ግን በዝናቡ ወራት ካረፉ ጀምሮ እንደ ወጋችን ሳይቀበሩ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ፊት ክፍል ተቀምጠው ሲጠብቁህ ከረሙ። ጠዋት ጠዋት ሩዛቸውን ሳቀርብ አንተን የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ነበር።

የእሳቸውን ዳማ ፈረስ በሞተር መለወጥህን ሳይሞቱ ነው የሰሙት። «ምን ይበላል እሱ?» አሉኝ። «ቤንዚን» አልኳቸው። «ታዲያ ስሙን ሲጠሩት ይመጣል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ደግሞ ምን አልክ? «ሞተሩን አስጊጬ እልካለሁ፣ በቀብሩ ፊት ይነዳ፣ ዘመኑ ነው!» አቤት ድፍረት! አጎትህ ሰምተው «ወንድሜ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ ብሎ ሊቀመጥ ነው?» አሉ። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ፈረስ ካልቀደመላቸው ወደ አባቶቻቸው በእግራቸው እንደሚሄዱ ታውቃለህ። ያን የሚያህል ፈረሰኛ በእግሩ!

ስለዚህ ወንድሜ ኡምቡ ሬታንግ ጋ ሄድኩ። አባትህ ለእኔ ጥሎሽ የሰጡት ቦራ ፈረስ እሱ ግቢ ነበር።

«አብደሻል እንዴ?» አለኝ። «እኛ ሴት ሰጪዎች ነን። ፈረስ ከእነሱ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ ከእኛ ወደ እነሱ አይሄድም። ቦራው ከተመለሰ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ወንድምዬ። ፍታልኝ።»

እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ፈታልኝ።

ሰኞ ቀበርናቸው። ቦራው ቀይ ጨርቅ ለብሶ ከፊታቸው ሄደ፤ መቃብሩ አፍ ላይ ሲያርዱት አንዴ እንኳ አላሽካካም። ወንድ ልጃቸው በሚቆምበት ቦታ ልጓሙን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንተማ ያን ሰዓት ፈረንጅ ታዝናና ነበር።

የዳማው ልጓም ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ በየሳምንቱ የኮኮናት ዘይት ስቀባው ኖሬያለሁ። ለቆዳው ብዬ ነው፣ ለአንተ አይደለም። ከእንግዲህ የሚቀባው ሰው ፈልግ።

አባቶችህ ከክፉ ይጠብቁህ፤ በዝናብ ቀስ ብለህ ንዳ። ለእኔ የተሰጠው ፈረስ ቤታችሁ ገብቷል፤ እኔም ቤቴ ገብቻለሁ።

የኡምቡ ሬታንግ እህት
ራምቡ ዳይ