ዘጠኝ ለአንድ

እሑድ

በቤር ሼቫ ከተማ እንደ እኔ ብዙ ጎል ያገባ ኢትዮጵያዊ የለም። ብትፈልጉ ደሳለኝን ጠይቁት። እርግጥ ነው፣ ግማሹን ያገባሁት በራሳችን መረብ ላይ ነው። ግን ጎል ጎል ነው። በረኛው ደሳለኝ ስለነበረ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ስለ ሌላው ግማሽ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ማስታወሻ ጻፉ ያለችን መምህርታችን ናት። በሰፈራችን በሽኩና ቫቭ፣ ማትናስ በሚሉት በሕዝብ ማዕከሉ፣ የማታ ትምህርት ጨርሰን የምስክር ወረቀት የተሰጠን በቅርቡ ነው። ስድሳን ልረግጥ ስል ፊደል ቆጠርሁ። ከወንዶቹ አንደኛ ወጣሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርሁ፣ ቢሆንም አንደኛ ነኝ።

በመጨረሻው ቀን መምህርቷ ከኮምፒውተር ያወጣቻቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ አንዳንድ አንሡ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንብቡለት አለችን። ሴቶቹ መዝሙረ ዳዊት አነሡ፣ ስለ ጡረታ አነሡ። እኔ ፊደል ያነሰበትን፣ ቁጥር የበዛበትን ላጥ አደረግሁ። ቁጥርማ ፋብሪካ ካርቶን ስቆጥር የኖርሁበት ነው። ለካስ የእግር ኳስ ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ቫኑዋቱ የምትባል የደሴት አገር አለች፤ ቡድኗ ከጥንት ጀምሮ ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ስንት ለስንት እንደወጣ ተራ በተራ ተጽፏል።

ይዤው ወደ ሆስፒታል ሄድሁ። ደሳለኝ እዚያ ተኝቷል። ከሱዳን በረሃ ጀምሮ ያልተለየሁት ሰው ነው። ስኳሩ ግራ እግሩን በልቶታል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ሽታውን በመስኮት በኩል ለማሳለፍ ነርሷ ስትታገል አየሁ። እኔ እንዳልሸተተኝ ሰው ቁጭ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና አነበብሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከኒውዚላንድ ጋር። ዘጠኝ ለአንድ ተሸነፉ።

"ዘጠኝ?" አለ። ዘጠኝ አልሁት። በረኛ ነውና ፊቱ ጠቆረ። ኋላ ግን ከትራሱ ቀና አለ። አንዷን ማን አገባት? ስም አልተጻፈም አልሁት። "እንዲህ ነው እንጂ ወንድ! ዘጠኝ ገብቶበት ወደ ፊት ይሮጣል?" አለና ሳቀ። ከገባ ጀምሮ ሲስቅ ዛሬ ገና አየሁት።

እኛም እስራኤል እንደመጣን፣ በስደተኞች መቀበያው ጣቢያ ሳለን፣ ቡድን አቋቁመን ነበር። ከከተማው ልጆች ጋር ስንጫወት መቁጠሩ ሰልችቷቸው ተዉት። እኛ አንድም አላገባንም። ደሳለኝ ያንን ቀን እስካሁን አልረሳውም። "አንድ ብናገባ ኖሮ" ይላል፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ እንኳ።

ሰኞ

ዛሬ መጥፎ ቀን ነው። በአጭሩ ልጻፈው።

ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በታች እንቆርጣለን ብለዋል። በዚህ ሳምንት ካልተቆረጠ መርዙ ሽቅብ ይወጣል። ደሳለኝ አልፈርምም ብሏል። ምክንያቱ እናትነሽ ናት። እናትነሽ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። እኛ ስንወጣ እሷ ቀረች። ይኸው እስካሁን ጎንደር ቁጭ ብላ ወደዚህ የመምጫ ፈቃድ ትጠብቃለች። ዛሬ ነገ ሲሏት አርጅታለች። ደሳለኝ ደግሞ በስልክ ምሎላታል፤ ኤርፖርት በሁለት እግሬ ቆሜ እቀበልሻለሁ ብሎ። ስለዚህ እሷ ራሷ በስልክ "ይቆረጥ" ካላለችው አይፈርምም። ሰውየው ግትር ነው። አሁን ደግሞ ግትርነቱ ሊገድለው ነው።

ከሊፍቱ ስወጣ የደሳለኝ ልጅ ኢላና ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል። ግማሽ በዕብራይስጥ፣ ግማሽ በአማርኛ ነገረችኝ። እናትነሽ ሞታለች። ከጎንደር ጠዋት ደውለው ነው።

"አባባ አለምነህ፣ እንዳይነግሩት። ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ ልቡ ደካማ ነው፣ አሁን አይችልም አለኝ።"

እና ማን ቁረጡት ይበለው? አልኋት። እሷም አታውቅም። አንድ ቀን ይጠብቁኝ አለች።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ሳይሰማ አይፈርምም። ከሰማ ልቡ አይችልም። እኔ ደግሞ በመካከል ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

ገብቼ ሁለት መስመር አነበብሁለት። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ጠፋኝ። መነጽሬ ነው አልሁት። መነጽር የለኝም።

ማክሰኞ

"እናትነሽ ደወለች?" ብሎ ተቀበለኝ። መስመሩ ጎንደር ላይ ተበላሽቷል አልሁት። "እስኪጠገን እጠብቃለሁ" አለ።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ለብዙ ዓመት ምንም ጨዋታ የለም። ወረቀቱ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ዘሎ ይሄዳል። ደሳለኝ አልዋጥ አለው። ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ኖሩ? እንጃ፣ አልሁት። እሱ ግን መለሰው። "ሲጠብቁ ነዋ። ሰው እስኪጠራቸው ሲጠብቁ።" አንገቴን ደፍቼ ጣቴን መስመሩ ላይ ጎተትሁ።

ከዚያ ስማቸውን አነበብሁለት። በዚያን ዘመን አገራቸው ቫኑዋቱ አትባልም፤ ኒው ሄብሪዲስ ነበር የምትባለው፤ ሌሎች ያወጡላት ስም ነው። ይኸ አሳቀው። "እነሱንም ኤርፖርት ላይ ነው የቀየሯቸው?" አለ። ደሳለኝን ያኔ የኤርፖርቷ ጸሐፊ "ዳቪድ" ብላ ጽፋዋለች። እኔን ጠይቃኝ ስሜን ለመጻፍ እጇ ስለደከመ "አለን" ብላ ተወችው። ስሜን ሙሉውን ራሴ የጻፍሁት ዘንድሮ ነው። ቆንጆ ነው። ትልቅ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

ከወረቀቱ በብዛት የምናገኘው "ተሸነፉ" የሚለውን ነው። አሁን ይህችን ቃል ሳላነብ አውቃታለሁ፤ ከሩቅ ስመለከታት ገና እንደ አማቴ ትታወቀኛለች። እሱ ግን በየሽንፈቱ ላይ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። "ቢሆንም አንድ አግብተዋል" ይላል። ነርሷ ሙቀቱን ስትለካ ሳይቀር ነገራት። አልገባትም።

ስወጣ ኢላና ሐኪሙ ነገ ጠዋት ድረስ ነው የምጠብቀው ማለቱን ነገረችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማሁም። በሰፈሩ ሁሉ ለፍልፎ የማይጠግብ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጎረቤት እንዳላገኝ እስከ ቤቴ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ።

ረቡዕ

ስህተት ሠራሁ። ወይም አልሠራሁም። እንዲያው እጽፈዋለሁ።

በእኛ ወግ መርዶ ለባዶ ሆድ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ገብተው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ያወራሉ፤ ሰውየው መጀመሪያ ይበላል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ይህን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም።

ጠዋት ስገባ ልንገረው አላልሁም። እንዲህ ነው ብዬ በኦሪት እምላለሁ። ሐኪሙ መጥቶ ደሳለኝን ለመነው፤ ደሳለኝ እህቴ ሳትደውል አለ፤ ሐኪሙ እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ምሳ መጣ። ሽኒትሴል የሚሉት የዶሮ ጥብስ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሰላጣ። እኔም ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁና "ብላ እንጂ" አልሁት።

ማንኪያውን አነሣ። አስቀመጠው።

"አለምነህ" አለኝ፣ "ከተዋወቅን ጀምሮ ብላ ብለኸኝ አታውቅም። የእኔን ሽኒትሴል ሁልጊዜ የምትበላው አንተ ነህ።"

እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ አለኝ። ልቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌ ውስጥ የነበረው ምራቅ ብቻ ነው።

"ማን ነው?" አለ። ጨውን ወደ እሱ ገፋሁ። "እናትነሽ ናት?"

"ምግቡ ይቀዘቅዛል" አልሁት።

በቃ፣ አወቀ። ተነሥቶ የሚጮህ መስሎኝ ነርሷን ለመጥራት ወደ ደወሉ እጄን ሰደድሁ። እሱ ግን ማንኪያውን አነሣና መብላት ጀመረ። ሽኒትሴሉን በላ። ድንቹን በላ። ሰላጣውን ጠርጎ በላ። ዕንባው ጺሙ ውስጥ እየገባ፣ አንድም ሳያስቀር በላ። ትሪውን መለሰልኝ። "በላሁ። አሁን ንገረኝ" አለኝ።

ነገርሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ሬዲዮኑን ያዳምጥ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገው። እንዴት እንደገባው አላውቅም።

ኢላና መጥታ ፊቱን ስታይ አወቀች። "ላማ?" አለችኝ። ለምን? ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ልቡን የሚቆጥረው ማሽን ላይ አፍጥጬ ዋልሁ። ቁጥር አውቃለሁ ያልሁት ሰውዬ፣ የዚያን ቁጥር ትርጉም አላወቅሁትም።

ሐሙስ

ጠዋት እንዳልሄድ እግሬ ያዘኝ። ኢላና ራሷ ደወለች። "ይፈልግዎታል፣ ወረቀቱን ይዘው ይምጡ" ብቻ አለችኝ።

ደሳለኝ ቁጭ ብሏል። የለበሰውን የሆስፒታል ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቀዶታል፤ ለእህቱ ሐዘን ነው። ሐኪሙም ኢላናም ቆመዋል። "ያቺን የመጀመሪያዋን አንብብ" አለኝ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ከኒውዚላንድ ጋር፣ ዘጠኝ ለአንድ፣ አልሁ። አላየሁትም፣ በቃሌ ነው።

ወደ ኢላና ዞረና ተናገረ። ዘጠኝ ገብቶባቸው ሜዳውን ጥለው አልወጡም አላት። እኛ ከከተማው ልጆች ጋር ያን ቀን ሳያልቅ ወጥተናል፤ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጓንቴን ጥዬ፣ አላት። እነሱ ግን ቆመው አንድ አገቡ። "እናትነሽን በሁለት እግር ልቀበል ነበር። እሷ ቀረች። አንቺ አለሽ። ላንቺ አንዱ ይበቃኛል። ቀለሙን አምጪ።"

መፈረም አይችልም፤ በጣቱ ነው። ጣቱን ቀለም ላይ የያዝሁለት እኔ ነኝ።

ወሰዱት። እኔና ኢላና ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ከማሽኑ ቡና ገዝታ ሰጠችኝ። ስኳር አልነበረውም። ጠጣሁት።

ዓርብ

በሕይወት አለ። ሰንበት ሳይገባ ልጨርሰው ብዬ ነው የምጽፈው።

ልቡ ችሏል። ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ሐኪሙ መጠበቅ ነው አለ። አንሶላው በግራ በኩል ዝርግ ብሏል። ደሳለኝ ወደዚያ አያይም፤ እኔም አላይም፤ ሁለታችንም መስኮቱን ነው የምናየው። ከእንግዲህ ጫማ በግማሽ ዋጋ ነው የምትገዛው አልሁት። አልሳቀም። መጥፎ ቀልድ ነው። ስናገረው ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ሲያንቀላፋ "አሁን መጣሁ፣ ቆይኝ" ብሎ እናትነሽን ያናግራል።

እሑድ

ትኩሳቱ ትንሽ ወርዷል። ትንሽ ነው ያልሁት።

ከሽኩና ቫቭ ሽማግሌዎች ቄሱን ይዘው ለልቅሶ መጡ። ሁሉንም አላስገቧቸውም፤ በር ላይ እየተፈራረቁ ነው የገቡት። ቄሱ ጸለዩ። ዕድሜዋንና ጥበቃዋን አነሡ። እናትነሽ ቁጭ ብላ የጠበቀችበትን ዓመት ሲያነሡ ሁሉም አንገቱን ደፋ። እዚያ የቀረ ወንድም ወይም እህት የሌለው ሰው በክፍሉ አልነበረም።

ከዚያ ደሳለኝ እኔን ጠራኝ። "አንብብላቸው፣ ያችን አገር" አለኝ። ልቅሶ ላይ እግር ኳስ! ቄሱን አየሁ። ቄሱ አንብብ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ተነሥቼ ቆምሁ። ማንበቤን ያላየ ሰው ያይ ዘንድ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝሁ። ኩራት አልጠፋኝም፣ ለምን እዋሻለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ዘጠኝ ለአንድ። "አንድ አገቡ!" አለ ደሳለኝ ለሰዉ። "አንድ ካገቡ መች ቀላል ነው" አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ እንደ ምስክር።

ኢላና ጥጉ ላይ ቆማ ስልኳን ከፍታ ነበር። ጣቷ ሲሄድ አየሁት። ቆመ። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። አባቷንም አየች። ስልኩን ከቦርሳዋ ከተተችውና የአባቷን ትራስ አስተካከለች።

እንግዲህ እሷ ታውቃለች፤ ውጤቱን ስልኳ ላይ አይታለች። ማስታወሻውም ይወቅ፣ እሱንም ዋሽቼዋለሁና። ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠኝ ለዜሮ ነው። ያን ቀን ገና ዘጠኝ ስል የደሳለኝ ፊት ሲጠቁር አላስቻለኝም፤ አፌ አንዷን ጨመረ። ዛሬ ማታ ቤቴ ተቀምጬ ወረቀቱን እስከ ታች ጨረስሁት። ታች፣ መጨረሻው አካባቢ፣ በእውነት ያሸነፉበት መስመር አለ። ቶሎ ማንበብ ብችል ኖሮ ዋሾ አልሆንም ነበር። ነገ እሱን አነብለታለሁ፣ ትኩሳቱ ከወረደ።

ስለ ሌላው ግማሽ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ሌላ ግማሽ የለም። በዕድሜዬ በትክክለኛው መረብ ያገባሁት ያችን በአፌ የጨመርኋትን አንዷን ብቻ ነው።