አቶ ደሞዝ ሀብተ ሥላሴና የስዊድን ሸክላዎቻቸው

አቶ ደሞዝ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አካሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በ1925 ዓ.ም. ዱርቤቴ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ባሕር ዳር መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ በ1954 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ተቀጠሩ። በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ አምሐ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በዚያው ዓመት የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤታቸው፣ ስዊድናዊት ነርስ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሰጧቸው። በእጅ የተሠራ ሸክላ ነው፤ የፈሰሰበት ሰማያዊ ቀለም ግን እሳቸው በፋብሪካው ገንዳ በጥብጠው ያላገኙት ነበር። አበቃ፣ ልባቸው ሄደ! ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ዕቃውን ሊሸጥ ነው ከተባለ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የስዊድንና የዴንማርክ ሸክላ ሠሪዎችን ሥራ በየጊዜው ገዝተው ቤታቸውን ሞሉት። የመሪጌታ ልጅ ሸክላ ይለቅማል ተብሎ ተሳቀባቸው፤ ምንም አልመሰላቸው።

በ1970 ዓ.ም. ያንን ሰማያዊ በጨርቅ ላይ ለማውጣት ሳህኑን ይዘው ሥራ ገቡ። ምን ነካቸው! ሰው በሰበብ አስባቡ በሚታፈስበት ወራት! አንድ ካድሬ ሳህኑን ገልብጦ ከሥሩ የተጫረውን ፊደልና ቁጥር አየ። የሠሪው ስም ነው ቢሉ ማን ይስማ! የስለላ ምልክት ነው ተብሎ ታሰሩ። ሌላ አለህ ሲባሉ የለኝም አሉ። አንድ እንኳ ቤታቸው ቢገኝ ማለቃቸው ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይህን እንደሰሙ ሸክላዎቹን በቅርጫት ጭነው፣ ከከተማው ዳር ካለችው ሰባታሚት መንደር ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ የሺአረግ ዘንድ ደረሱ። ወይዘሮ የሺአረግ ጭቃና ጥላሸት ቀብተው ከራሳቸው ማሰሮዎች ጋር ደባለቋቸው። የአቶ ደሞዝን ቤት በርብረው ያጡት አሳሾች እዚያም መጡ። በየስብሰባው ቡዳ የሚባል የለም እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች፣ የሸክላ ሠሪ ዕቃ ለመንካት ፈርተው ከደጅ ተመለሱ!

ሌላ ሸክላ ስላልተገኘባቸው አቶ ደሞዝ ተፈቱ፤ ፍርሃቱ ግን አልፈታቸውም። መኪና ደጅ ላይ በቆመ ቁጥር ጉርሻ ከእጃቸው ይወድቃል። ሰባታሚትን አንዴም አልረገጡም፤ የሚወዱትንም ሳያዩ ኖሩ።

በመጨረሻ የልብ ሕመም ጣላቸው። ደርግ ከባሕር ዳር ሲወጣ ወይዘሮ የሺአረግ አንዱን ሳህን አጥበው አልጋቸው ድረስ አመጡላቸው። «ሄደዋል እኮ፤ ከእንግዲህ ማን ይነካዎታል?» አሏቸው። አቶ ደሞዝ ሳህኑን ሲያዩ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ፀሐይዋ፣ ደብቂው! ይመለሳሉ» አሉ። ባለቤታቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። መሸፈኑን አይተው ዓይናቸውን ከደኑ።

መጋቢት 7 ቀን 1983 ዓ.ም. ያረፉት አቶ ደሞዝ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም መጥቶ በር በማያንኳኳበት ያሳርፍልን።