እትዬ በለጠች እንግዳችን የነበሩበት ቀን

ጥር 14፣ ረቡዕ
የአስራ አንደኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሠላሳ ሁለት ወረቀት ይቀረኛል። ፍላጎትና አቅርቦትን አሁንም ገልብጠው የሚስሉ አሉ... ጥፋቱ የማን ነው? የአስተማሪያቸው የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ፍኖተ ሰላም ዛሬ ነፋስ በነፋስ ነበረች። መብራትም ጠፍቶ ዋለ።

ጥር 15፣ ሐሙስ
የማላውቀው ቁጥር ደወለ።
"መምህርት እፀገነት ነዎት? ቴዎፍሎስ እባላለሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ክበብ ሰብሳቢ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ።"
ክበባችን! አለ ለካ። ከተመረቅሁ አስራ አንድ ዓመቴ፤ የፈረሰ መስሎኝ ነበር።
ለየካቲት አንድ እንግዳ ተናጋሪ ይሁኑልን ነው የሚለኝ። "እኔ ምን አውቄ?" አልኩት። "በድሮ መዝገብ ስምዎን አገኘነው። ጸሐፊ ነበሩ አይደል?"
ነበርኩ። የግብዣ ደብዳቤ የምጽፍ፣ ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የምዞር፣ ለእንግዳ ለስላሳ የምገዛ... ያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጥቶ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የመከረን። ጡረታ የወጡት ሽማግሌ፣ ርዕሳቸውን ረስተው ስለ ንብ ያጫወቱን። እሑድ እሑድ ክርክር፤ ተጣልተን እንወጣና አንድ ትሪ ፍርፍር ላይ እንታረቃለን። ምን ዓይነት ጊዜ ነበር!
እሺ አልኩት።

ጥር 17፣ ቅዳሜ
ስለ ምን ልናገር? ስለ እትዬ በለጠች ነው እንጂ፣ ሌላ ስለ ምን!
የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛ ዓመት ሳለን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። የያኔው ሰብሳቢያችን ምናለ "ዶክተር ስንጋብዝ ከርመን በርበሬ ነጋዴ?" ብሎ አኮረፈ። አልሰማሁትም። መጡ፤ ነጭ ለብሰው፣ በመሐረብ በርበሬ ቋጥረው። ከእሳቸው አስቀድሞ መምህራችን፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገበያ እንዴት እንደሚበላሽ ሙሉ ሰዓት ሲያስረዳ ነበር። እሳቸው አንድ ዛላ አንሥተው ድምፅ ማጉያው አጠገብ ነቀነቁት።
"ፍሬው ሲንኳኳ ሰማችሁ? ደርቋል። ዝም ካለ እርጥብ ነው፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ገዢ ጆሮ ይኑረው!"
አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።
በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ቡሬ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ናት... በሕይወት ይኖሩ ይሆን?

ጥር 21፣ ረቡዕ
ማርያም። ክፍል ስለነበረኝ አልሳምኩም። ንግግሬን ጀመርኩ፤ ቀደድኩት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ
ቡሬ ሄድኩ። አሉ! በርበሬ ተራ፣ ያኔ ልጋብዛቸው የመጣሁበት ያው ሱቅ። ገና ከመንገዱ አስነጠሰኝ። ከጆንያዎቹ መሐል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ምሥራቅ ትመዝናለች።
"እትዬ በለጠች፣ እፀገነት ነኝ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የጋበዝኩዎት..."
ዓይናቸውን አጥብበው፣ "ያቺ ጸሐፊዋ?"
"አዎ! ያንን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።"
"እኔም አልረሳሁት።"
ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ...
"ስጨርስ መዝገብ አመጣሽልኝ። ይፈርሙ አልሽኝ። መጻፍ አልችልም፣ ጣቴን ላኑር አልኩሽ። የጣት ቀለም የለም ብለሽ የእስክሪብቶ ቀለም ቀባሽልኝ። ተዝረከረከ፤ ነጠላዬን ነካው። ልጆቹ ሳቁ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አንቺም አፍሽን በሻርፕሽ ሸፍነሽ ሳቅሽ።"
እኔ? ጭብጨባውን አስታውሳለሁ። ዛላውን አስታውሳለሁ። ይህን ግን...
"በዓመቱ ለምሥራቅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት መጣላት። እዚያ? አትሄጅም አልኳት።"
ምሥራቅ እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። እኔን አላየችኝም።
ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። "ተይ፣ ተነሺ... ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። የካቲት አንድ ስለ እርስዎ ልናገር ነበር፣ አብረውኝ ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው።
"አልመጣም።" እጄን ለቀቁና፣ "ስሜን ጥሪ። ጣቴን አትጥሪ።"
ምሥራቅ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። "እሷ እንዲያ ትበል እንጂ እኔም ያኔ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ፈርቼ ነበር" አለችኝ። "ብቻዋን ጥያት እንዴት እሄዳለሁ? አይቀየሟት።"
እውነቷን ይሆን? ወይስ እኔን ልታጽናና?

ጥር 26፣ ሰኞ
መምህራን ማረፊያ የሒሳቡ ገብረሰንበት ቀልድ አመጣ። ሳቅሁ። እጄ ራሱ ሄዶ ሻርፔን ወደ አፌ ሳበው።
ስቄያለሁ። ያን ቀንም ስቄ ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ
ተናገርኩ። አዳራሹ ያው ነው። ወንበሮቹ ተቀይረዋል፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ዋንዛ ግን አለች። እዚያ ጥላ ሥር ነበር ደብዳቤ የምገለብጠው...
ስማቸውን ደጋግሜ ጠራሁ። የዛላውን ነገር አወራሁ። ጣታቸውን አላነሣሁም፤ እዚህ ብቻ ነው የጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ግን፣ "እንግዳችሁ ሲናገር ብቻ አትዩት፤ ምን ሆኖ እንደሚሄድም እዩ። እኔ አላየሁም ነበር" አልኩ። ያልተዘጋጀሁበት ነው።
ማርያማዊት የምትባል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። "ሴትዮዋ አሉ? ሄደን ልናያቸው አንችልም?"
"እሳቸውን ልጠይቅ" አልኳት።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ
ምሥራቅ ደወለች። እናቷ እንዲህ ብለዋል፦ "እኔ አልሄድም፤ እነሱ ይምጡ። መዝገብ የሚባል እንዳያመጡ።"

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
አስራ አራት ሆነው መጡ። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ተመስገን። በርበሬ ተራ ማስነጠስ በማስነጠስ ሆነ። ቴዎፍሎስ ሱፍ ልብሱን ለብሶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ሲነሣ ሱሪው ቀይ ሆኖ ነበር።
"እማማ፣ ዋጋውን የሚወስነው ማነው?" አላቸው።
"ሙሽራ!" አሉ እትዬ በለጠች። "ጥር ሠርግ ነው፤ ሠርግ ካለ ወጥ አለ። ሠርግ የበዛ ዓመት በርበሬ ይወደዳል።"
"እማዬ፣ ዘንድሮስ?" አለች ምሥራቅ ከሚዛኑ ጀርባ። "ሠርጉ እንደ ጉድ ነበር፤ ዋጋው ግን ወረደ። መንገድ ሲዘጋ የጭነት መኪናው ቀረ፣ ገበሬው ያመጣውን ይዞ ላለመመለስ ባገኘው ሸጠ። ሙሽራዋ ምን ታድርግ?"
ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ደብተር ወጣ። አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ጠየቀ። መጀመሪያ ወደ መሬት እያየች ነበር የምትመልሰው፤ በኋላ ቀና አለች፤ ኋላማ ቴዎፍሎስን "አልገባህም፣ ቆይ" እስከማለት ደረሰች። እናቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው ያዳምጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።
ስንነሣ ማርያማዊት፣ "እትዬ ምሥራቅ፣ ክበባችን መጥተው ለሁሉም ይንገሩልን" አለች።
ምሥራቅ እናቷን አየች። እኔም አየኋቸው።
"ሂጂ" አሉ እትዬ በለጠች። "ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።"
ምሥራቅ ጨርቅ አንሥታ ሚዛኑን ጠረገች። መልሳ ጠረገችው። ከዚያ፣
"ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?" አለች።