የጋሽ ሾፌር ቅኝት

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ለውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንና ባሏ፣ ሕፃኑም እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። ደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። የመምጫሽን ቀን በጠየቅኩሽ ቁጥር መስመሩ ይበላሻል፤ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ግን ድምፅሽ ከጎረቤት እንደሚመጣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ ስልሽ ስቀሽብኛል። «በአምሳ ስድስት ዓመትህ?» አልሽ። አዎ፣ በአምሳ ስድስት ዓመቴ። ልጃችንን ልታርሺ ለሦስት ወር ብለሽ ሄደሽ አሥራ አራተኛው ወር ገባ። ያኔ ያልተወለደው ልጅ ተወልዶ መሄድ ጀምሯል። እኔ ቀን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ውዬ ቤት ስገባ ድምፅ የሚያሰማኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ከማቀዝቀዣ ጋር ከማወራ ብዬ ነው ጊታሩን የገዛሁት።

ሰባት ወር ከስልክ እያየሁ ብቻዬን ተማርኩ። ከዚያ ሰው አማረኝ። አንዱ ታካሚዬ፣ አናጢ ነው፣ የታች ጥርሱን እየለካሁለት አፉን እንደከፈተ ጣቴን አየና «ጊታር ትነካለህ እንዴ?» አለኝ። ጣቴ ጫፉ ደድሮ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በእሱ የእንጨት ሥራ ቤት የጓሮ ክፍል የሚሰበሰቡ አሉ፤ ናና እይ አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ቅዳሜን ነው፤ ይህን ስልሽ አትሳቂ።

ከእኔ ጋር አምስት ነን። ሰዎቹ ግን ትዕግሥት የሚያስጨርሱ ናቸው። አንዱ ፋርማሲስት ነው፤ አሥራ አንድ ፔዳል አለው፤ በእግር ሲረገጥ አንዱ ድምፁን ያስጮኸዋል፣ አንዱ ያስተጋባዋል፣ አንዱ ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። የመጀመሪያውን ሰዓት ገመድ ሲሰካካ ያሳልፋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ስለ ሰካው ገመድ ሲያስረዳን። ከዚያ ሻይ ነው። በመጨረሻ አራት ደቂቃ ይጫወትና የሆነ ነገር ይጮህበታል። አናጢው ጥሩ ይጫወታል፤ ግን ሙጫ እንዳይደርቅበት በየመሃሉ እየተነሳ ይሮጣል። አንዲት የሂሳብ መምህር አለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች ስትቆጥርልን ዘፈኑ ሳይሆን ፈተናው የተጀመረ ይመስልሻል። እኔን ጥርሱ ነው የሚሉኝ።

የሁሉም አለቃ ጋሽ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። አንድ ደንብ አለን። ጋሼ ወፍራሙን ክር ሳይመቱ ማንም ጊታሩን አይነካም። እሳቸው ይመታሉ፤ ሁላችንም ጊታራችንን በእሳቸው ድምፅ እንቃኛለን።

የመጀመሪያ ቀን ስልኬ ላይ ያለው መቃኛ ሁላችንም ከትክክለኛው ድምፅ ወርደናል አለኝ። ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት የባሰ ወረድን። በስድስተኛው ሳምንት ክሮቻችን ረግበው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዙ ነበር። እኔ ሥራዬን ታውቂያለሽ። ጥርስ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለች ሰውየው ማኘክ አይችልም፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ግን ምንም አይሉም። ጋሼ ይመታሉ፣ እነሱ እየተከተሉ ያላላሉ።

ባለፈው ወር መምህሯ በትምህርት ቤቷ የሚያዝያ የወላጆች ቀን ሦስት ዘፈን እንድንጫወት አስፈቀደች። የትምህርት ቤቱን ኪቦርድ አምጥታ እሷ ልትጫወትበት ነበር። ኪቦርድ ደግሞ እንደ ጊታር ክር አያላሉትም። አብረን ስንጀምር የሁለት ሠርግ ዘፈን በአንድ ላይ የተከፈተ መሰለ። ጋሼ ኪቦርዱ ተበላሽቷል አሉ። ሁሉም ኪቦርዱን ተራ በተራ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። አናጢው ተሸክሞ ለጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ ከፍቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ምንም የለበትም ብሎ መለሰው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሞከርን፤ ያው ነው። ፋርማሲስቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው አለ። ሌሎቹም ይሆናል አሉ። አናጢው ቆጣሪውን ሊያይ ወጣ።

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም።

«ጋሼ፣ ኪቦርዱም መብራቱም ደህና ናቸው፤ የማይሰማው የእርስዎ ጆሮ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ገመዳቸውን ነቀሉ፤ ጊታራቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስተኙ፣ ሁለቱንም መቆለፊያ ቀስ ብለው ዘጉና ወጡ። ከዚያ ከቆጣሪው የተመለሰው አናጢም ተጨምሮ ሦስቱም በእኔ ላይ ዘመቱብኝ። አንድ ሰው መድፈር ነበረበት አልኳቸው። መምህሯ ጠመኔ ልትወረውርብኝ ጥቂት የቀራት መስላ «ሁላችንም እናውቅ ነበር። አሁን ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ።

«እያወቃችሁ ነው ኪቦርዱን ለጠጋኝ የላካችሁት?»

«ታዲያ ምን እናድርግ? ጋሼን ለጠጋኝ እንላክ?»

እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቁ ዝም ማለታቸው! ደግሞ የሚያፍሩት በራሳቸው ሳይሆን በእኔ ነው። አናጢው በር ላይ ሸኝቶኝ፣ ሄደህ ጋሼን ይዘህ ካልመጣህ ቅዳሜ እንዳትመጣ አለኝ። በሠራሁለት ጥርስ ነው እንዲህ ያለኝ።

እሑድን ተናድጄ ዋልኩ። ሰኞና ማክሰኞ ሥራዬ ላይም ተናደድኩ፤ አንዲት የፊት ጥርስ ሁለት ጊዜ ሰብሬ እንደገና ሠራሁ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሳይሆን ልከራከር ነበር የሄድኩት። ጋሼ ከጎማ መሸጫ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮት። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በሩን ከፍተው አዩኝና በግራቸው በኩል ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የድሮ አውቶቡስ ሞተሩ ከሾፌሩ በቀኝ ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬን እሱ በላው፣ ግራው ትንሽ ቀርቶታል አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ለእኔ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ያውቁ ነበር ማለት ነው?

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉ። «እኔ ስመታ ሁሉም ክሩን ሲያላላ ይታየኛል። በፊት ትንሽ ነበር የሚያዞሩት፤ አሁን አሁን ብዙ ያዞራሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም እስካልኩ ድረስ ቅዳሜ ነበረኝ። እነሱም አይነግሩኝም፣ እኔም አልጠይቃቸውም። አንተ መጥተህ ወሰድክብኝ።»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ ጠፋብኝ። ከታች ጎማ ሲነፉ ይሰማ ነበር፤ ለእኔ ማለቴ ነው። በመጨረሻ ይቅርታ አልኳቸው። ሳልከራከር ይቅርታ ስል አንቺ ሰምተሽ አታውቂም፤ በመቅረትሽ ያመለጠሽ ይህ ነው። ቅዳሜ ካልመጡ እኔም መግቢያ እንደሌለኝ ነገርኳቸው፤ ቤት ውስጥ ማን እንደሚጠብቀኝ ጠየቁኝ፤ ማቀዝቀዣው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አንድ ሐሳብ አመጡ። ደንቡ አይቀየርም፤ ወፍራሙን ክር የሚመቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን በግራቸው እቀመጣለሁ። ድምፁ ከወረደ ጫማቸውን አንዴ እረግጣለሁ፤ ከወጣ ሁለቴ።

ስለዚህ ያለፈውን ቅዳሜ እንደዚህ ዋልን። ረገጥኩ፣ አጠበቁ፤ ረገጥኩ፣ አጠበቁ፤ ሁለቴ ረገጥኩ፣ አላሉ። ሌሎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ ዝም አይነቅዝም ይመስላቸዋል። ኪቦርዱ ገጠመ። ፋርማሲስቱ መብራቱ ተስተካክሏል አለ። አናጢው ደግሞ ጥርሱም ፔዳል አገኘ ብሎ አሾፈብኝ። እኔ ጊታር ልጫወት ገብቼ የሰው ጫማ ስረግጥ ዘፈኑ ውስጥ የምገባበት ቦታ ሦስቴ አለፈኝ። ጋሼ ደግሞ ከጨረስን በኋላ ጠጋ ብለው አጥብቀህ ርገጥ፣ ጫማዬ ወፍራም ነው አሉኝ። ምን ዓይነት ሥራ ውስጥ እንደገባሁ ይታይሽ።

አንቺ ጋ ልመለስ። እኔ እያወቁ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ታውቂኛለሽ። ያም ሆኖ ከረቡዕ ወዲህ ስልኩን አንስቼ የመምጫሽን ቀን ልጠይቅሽ እልና የጋሼ ቅዳሜ ትዝ ሲለኝ እተወዋለሁ። ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልገኝም፤ በዚያ ሰዓት አትደውዪ። እሑድ ደውዪና ስለ ሕፃኑ ንገሪኝ።

ሌላው ጉዳይ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ለሳሎን አልመች አለ። የስፌት ክፍልሽን አስለቅቄ እሱን አስገብቼበታለሁ። የስፌት መኪናሽን ወደ ጓዳ አውጥቼዋለሁ፤ ጨርቆችሽን በካርቶን አድርጌ ከአልጋው ሥር ከትቻቸዋለሁ፤ አስተካክዬ አላጠፍኳቸውም። ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግኩት። ያንን ክፍል ማንም እንዲነካብሽ እንደማትወጂ አውቃለሁ። እንግዲህ ተቆጪኝ። እንደ ድሮሽ አድርገሽ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ተቆጪኝ፤ በዚያኑ ቀን አወጣዋለሁ። ካልተቆጣሽ እዚያው ይቆያል።

ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ልጃችንን እግዜር ያበርታት፤ ለባሏም ሥራውን ያቃናለት። አንቺን ደግሞ ባለሽበት ጤና አይንሳሽ።

ባለቤትሽ