ለዊንስተን መርዶ ይዤ የሄድኩባት ደሴት

ብርቄዬ፣

ካጣሁሽ ስምንት ወር አለፈ። ሮዝቪል ያው ነው፤ በረዶው እንደ ልማዱ መኪናውን ቀብሮታል። ልብሶችሽን ሰጥቻለሁ። ስልክሽን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቻርጅ ማድረግ አልተውኩም፤ ምክንያቱ ዊንስተን ነው። አምና በመርከብ የሄድን ጊዜ ደሴቲቱን በሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ያዞረን ሾፌር፣ የማንጎ ዛፉን ፎቶ እያነሳ ይልክልሽ ነበር። ማማ ደህና ነሽ ይላል። እኔም በአንቺ ስም የአውራ ጣት ምልክት እመልስለታለሁ። ከሞትሽ በኋላ ደህንነትሽን ያረጋገጥኩት እንዲህ ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጃችን ሜሮን ቴክስት አድርግለት፣ ምን ችግር አለው አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጥቁር ሸሚዝ ገዛሁና በዚያው መርከብ ቦታ ያዝኩ። መርዶ ለመንገር በሽርሽር መርከብ የተሳፈረ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ አበባ አበባ ለብሶ ይጨፍራል፤ እኔ ጥቁር ለብሼ ሐብሐብ እበላለሁ። ተሳፋሪዎቹ ከፒያኖ ተጫዋቹ ጋር እያምታቱኝ ይህን ዘፈን ተጫወትልን ይሉኝ ነበር።

ወደቡ የደረስነው ማለዳ ነው፤ ለመርዶ የተመቸ ሰዓት። እንደምመጣ በራሴ ስልክ ጽፌለት ስለነበር ዊንስተን ቆሞ ይጠብቀኛል። ገና ሰላም ሳይለኝ ከኋላዬ አንቺን ፈለገ። ማማስ አለኝ። ቁርሱን ላልበላ ሰው እንዴት ይነገራል? ቤት ቀርታለች አልኩት። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ቁርስ የሚባል ነገር አላውቅም፣ የምበላው ምሳ ነው አለኝ። እንግዲህ እስከ ምሳ ድረስ ልትኖሪ ሆነ።

ፏፏቴው ጋ ለማማ ብሎ ፎቶ አነሳኝ። ሳቅ በል አለኝ፤ ሳቅኩ። ገበያ ወስዶ ቀረፋ ገዛልሽ። ቁልቁለቱን ስንወርድ በሚቀጥለው ዓመት የት የት እንደሚወስድሽ ነገረኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲህ ሕያው አድርጎ ይዞሽ ዞረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምሳው ባይደርስ ብዬ ተመኘሁ።

የበላነው ያኔ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ባሕሩ ውስጥ የገባሽበት ቦታ ነው። ዓሣውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ነገርኩት። አልጮኸም። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣

«ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር» አለኝ። «ጡቷ ላይ እብጠት እንዳገኘች እዚሁ ነው የነገረችኝ፣ አንተ ምሳ ልታዝ ስትሄድ። ብነግረው መርከቡን ያስመልሰዋል አለችኝ።»

መርዶ ላደርስ ሄጄ መርዶ ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያች ቀን እስከ ሐኪም ቤት ሦስት ወር ነበር፣ ብርቄ። ሦስት ወር። ለሳሎኑ መጋረጃ ስንመርጥ ታውቂ ነበር። በሬዲዮው ድምፅ ስንጨቃጨቅ ታውቂ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ ግማሽ ቀን ላወቅሽው ሾፌር ነገርሽ። ተቆጥቻለሁ፤ የምቆጣው ሰው ግን የለም። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ያለውን አሁን በየቀኑ ነው የምሰማው፤ ዕቃ ሳጥብ፣ መኪና ስነዳ፣ ጫማዬን ሳስር።

ያልሽው ደግሞ ልክ ነው። ካፒቴኑን ክንዱን ይዤ መርከቡን አስመልስ ነበር። ባሕር አትገቢም፣ ያን ሳቅሽንም አልሰማም ነበር። ምናልባት ግን ዛሬ እዚህ ተቀምጠሽ ደስታዬን አበላሸህብኝ እያልሽ ትወቅሺኝ ነበር። የቱ ይሻልሃል ብትይኝ አላመነታም። ሳቁ ይቅርብኝ ነበር።

እስካሁን ያቺን ቀን ሳስታውስ የማያት አንዲት ደስ ያላት ሴት ነበረች። የፈራችዋን ሴት ግን ዊንስተን ብቻውን ይዞልሽ ከርሟል። ከእንግዲህ እሷንም እኔ ልያዝልሽ፤ እስካለሁ ድረስ አንዷን ከአንዷ ነጥዬ አላስብም። ውሃው እስከ ጉልበትሽ ደርሷል፤ እኔ ከምግብ ቤቱ በር ላይ አንድ ዓሣ ይበቃናል ወይስ ሁለት ብዬ በጣቴ እጠይቅሻለሁ። አንቺ ፈርተሻል፤ ሁለት ጣትሽን ከፍ አድርገሽ ታሳዪኛለሽ።

ባልሽ፣ ታደሰ