ወጥታ ስለተመለሰችው የኋላ ጎማዬ

ለተከበሩ የኬላው ዕቃ ፈታሽ ክፍል ኃላፊ
ሞያሌ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነመዝገብዎ ደኅና ሰንብተዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የማንያታ ሰፈር ነዋሪ፣ አምና በዕቃ ዝውውር ትምህርት የተመረቅሁ፣ በመሥሪያ ቤትዎም ለመቀጠር ሁለት ጊዜ አመልክቼ መልሱን እስካሁን በጉጉት የምጠብቅ ሁቃ ጋልማ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የዋሉልኝን ውለታ ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

፩. እንደሚያውቁት የከተማችን ብስክሌት ጠጋኞች በሙሉ ወደ ሞተር ሳይክል ዞረዋል፤ ብስክሌት እየገፋ የመጣን ሰው ከሙዚየም የወጣ ይመስል ነው የሚያዩት። ስለዚህ እኛ ባለብስክሌቶች ጎማውን ብቻ ፈትተን፣ እንደ ጠቦት በትከሻችን ይዘን፣ ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያ በኩል ታፈሰ የሚባለው ጠጋኝ ዘንድ እንሻገራለን። ሙሉ ብስክሌት ወረቀት ይጠየቃል፤ ጎማን ብቻውን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ዕቃ ብሎት አያውቅም ነበር። ታፈሰ ራጂ የሚባሉትን የተሰበሩ የጎማ ሽቦዎች ቀየረ፣ ነፋስ የሚሞላበትንም የውስጡን ካላማዳሪያ በአዲስ ተካና፣ «በል ልጄ፣ አሁን አንተ ቀድመሃት ታረጃለህ» ብሎ ሸኘኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ እንድታምር ብዬ አጥቤ፣ ወልውዬ፣ እያብለጨለጨች ይዣት መጣሁ።

፪. እርስዎም በሚደነቅ ንቃት፣ አሮጌ ሆና ወጥታ አዲስ ሆና የተመለሰች ጎማ ከውጭ የገባች ሸቀጥ ናት ብለው አስቀሯት። የወጣችበትን ወረቀት ጠየቁኝ፤ ስትወጣ ማን ጽፎላት። እናቴ መታመሟን ብነግርዎ በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዞህ፣ ብለው አዘኑልኝና ቀጣዩን ሰው ጠሩ። ጎማዬ አሥራ አንድ ቀን በጥላ ሥር፣ በዘበኛ እየተጠበቀች አረፈች። በእኛ ቤት እንዲህ የተጠበቀ ሰው የለም።

፫. እናቴ ሀላቄ ስኳር አለባት። የግራ እግሯ ቁስል በየሁለት ቀኑ ሄሉ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዳ መታጠብ ነበረበት። ከሞተር ላይ ከወደቀች ወዲህ ሞተር አትወጣም፤ የምታምነው የእኔን ብስክሌት ብቻ ነው፤ ወገቤን ይዛ ከኋላዬ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ ደግፌያት በእግር ሄድን። በሦስተኛው ጊዜ መንገድ ላይ ድንጋይ አግኝታ ተቀመጠችና፣ «አንተ ሥራህን ፈልግ፣ እኔ ነገ እሄዳለሁ» አለችኝ። ነገ እያልን ቁስሉ ጠቆረ። ትልቁን የእግር ጣቷን ቆረጡት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ስሕተት ነበር» ተብሎ ጎማዬ ተመለሰችልኝ። ነፋሷ እንኳ አልጎደለም። ስለ መልካም አያያዝዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ውለታዎን የሚመልስበት አቅም ያጣው፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ ታዛዥዎ፣

ሁቃ ጋልማ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ማዶ ያለች እኅቷን ለመጠየቅ በኬላዎ ታልፋለች። ባለፈው ስታልፍ የእግሯ ጣት አሥር ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ነው። የጎደለው የት እንደገባ የሚጠይቅ ቅጽ ካለዎ አስቀድመው ይላኩልኝና እኔው ልሙላላት፤ እሷ ቆማ መጠበቅ አትችልም።